የመሃሉ ኳስ አልገባ አለኝ! የብረት ሞዴል ለነገ ጠዋት

የቦርከና ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ነገ 2:30 ላይ የብረት ክሪስታል (የአቶሞቹ አደራደር) ሞዴል አቀርባለሁ፤ እያንዳንዱ ኳስ አንድ አቶም ነው። ስምንት የፒንግ ፖንግ ኳስ እያነካካሁ በማስቲሽ ኩብ ሠራሁ፤ ዘጠነኛው መሃል አልገባም! ስጫነው ሁለቱ ጥግ ተገነጠለ። ደሴ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

የጦሳው፦ ለመሃሉ አነስ ያለ ኳስ ፈልግ። ክፍተቱ 2.9 ሳንቲሜትር ይይዛል።

የቦርከና ልጅ፦ ሁሉም ብረት ነው እኮ! አንዱ እንዴት ያንሳል?

የሸዋበሯ፦ መሃሉን ተወውና ፖሎኒየም ነው በላቸው 😄 ወላሂ የሱ አቶሞች እንደዚያ ነው የሚደረደሩት፤ ከቦታው 52 በመቶ ብቻ ይሞላሉ።

ብረታ ብረት ኮምቦልቻ፦ ልጄ፣ ብረት ስትል በስንት ሙቀት? ከ912 ዲግሪ በላይ ሲግል አደራደሩ ይለወጣል። መሃል የነበረው ቀርቶ በየገጹ መሃል አንድ አንድ አቶም ይቀመጣል፤ ሙሌቱም ከ68 ወደ 74 በመቶ ያድጋል። አቶሞቹ ይበልጥ ቢጠጋጉም የሚተርፉት ክፍተቶች ቁጥራቸው አንሶ ስፋታቸው ይጨምራል፣ ካርቦን እዚያ ይገባል። አግለን ውኃ ውስጥ ስንነክረው ካርቦኑ መውጫ ያጣል፤ ብረቱ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። መምህራችሁ የትኛውን ነው ያሉት?

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ልጁ ግን ሰዓት የለውም። ወንድሜ፣ ጥጎቹ ይነካካሉ ያለህ ማነው? በቀዝቃዛ ብረት የጥጎቹ አቶሞች የሚነኩት መሃለኛውን ብቻ ነው። ከጥግ ተነስቶ በመሃል አልፎ ተቃራኒው ጥግ የሚደርሰው መስመር አራት ሬዲየስ ነው፤ ለ1.732 አካፍለው። ኳስህ 4 ሳንቲሜትር ከሆነ 8 ሲካፈል 4.62 ይመጣል፤ ይህ ከአንዱ የጥግ ኳስ እምብርት እስከ ጎረቤቱ እምብርት ነው። እንግዲህ በጎረቤት ኳሶች መሃል 6 ሚሊሜትር ተው። ማስቲሹን ላጠው፣ ታች አራቱን በ6 ሚሊሜትር ካርቶን አለያይተህ ለጥፍ፣ መሃለኛውን ጉድጓዱ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ላይኞቹን አራት። በጋለ መርፌ ልብሳ እንዳትል፣ አንዳንዱ ኳስ ቶሎ ይቀጣጠላል።

የጦሳው፦ ትንሽ ኳስ ይቀላል ብያለሁ። ሎሚም ቢሆን።

ሐይቅ ዳር፦ ካነሰማ ሁለት ዓይነት አቶም ሆነ፣ እንደ ሲሲየም ክሎራይድ። ብረት አይደለም።

የሸዋበሯ፦ የቦርከና ልጅ፣ ቆመልህ?

ሐይቅ ዳር፦ በአንድ ኩብ ስንት አቶም አለ ብለው ከጠየቁህ ዘጠኝ እንዳትል። የጥጉ እያንዳንዱ ለስምንት ኩብ ይካፈላል፤ ስምንቱ ተደምረው አንድ፣ ከመሃሉ ጋር ሁለት።