ፎሙ የተፈረፈረ ኤአር 3ኤ ስፒከር፦ ልግዛው ወይስ ልለፈው?

የሸክላ ወዳጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አካባቢ አንድ ኢስቴት ሴል (የቤት ዕቃ ጠቅላላ ሽያጭ) ላይ ጥንድ ኤአር (አኮስቲክ ሪሰርች) 3ኤ ስፒከር ወጥቷል፤ ዋልነት ሳጥን፣ ባለ 12 ኢንች ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው)። ለጥንዱ 400 ዶላር ይላሉ፣ በመጨረሻው ቀን እንደሚቀንሱም ነግረውኛል። የፊት መሸፈኛውን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ ሳይ የአንደኛው ዎፈር ዙሪያ ፎም ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ የሌላው ግን ጨርቅ ነው፣ አልተቀደደም። ፎም ያለው ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ ጨርሶ አያወጣም፤ ከጀርባው ያሉት ማዞሪያዎች ሲነኩ ይንጫጫሉ።

ተመልሼ ስሄድ ምን ምን ልፈትሽ? አንድ ሞዴል ሆነው የዎፈሮቹ ዙሪያ ለምን ተለያየ? ፎሙን ራሴ መቀየር እችላለሁ? ቴስተርና መበየጃ አለኝ፣ አጠቃቀሙንም አውቃለሁ፤ ስፒከር ግን ከፍቼ አላውቅም። ወደፊት አዲስ አበባ ላለው ቤት መላክ ስለምፈልግ ለእሱም የምጠነቀቅበት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ካቻቢቴ

ሰላም የሸክላ ወዳጅ። ፎሙ አያስደንግጥዎት። ፎም ማንም ሳይነካው በእርጥበትና በአየር ብቻ እየተበላ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ይተካል። የእነዚህን ስፒከሮች ዋጋ የሚወስኑት ሚዱ (መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው) እና ትዊተሩ (ቀጭኑን የሚያወጣው) ናቸው፤ በተለይ ትዊተሩ። ሦስት ሩብ ኢንች የምትሆን ትንሽ ዶም (ጉልላት) ናት፤ ኦሪጅናሏ አይመረትም። ከተቃጠለች ያገለገለ መፈለግ ወይም «ተተኪ» ተብሎ የሚሸጠውን መግጠም ነው፣ ያኔ ደግሞ የሁለቱ ስፒከር ድምፅ እንዳይለያይ ሁለቱንም መቀየር ይመጣል።

ይሁንና ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ ማለት ትዊተሩ ሞተ ማለት አይደለም። በ3ኤ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የሚዱንና የትዊተሩን ድምፅ መጠን የሚያስተካክለው ማዞሪያ ነው። ውስጡ በሽቦ የተጠቀለለ 16 ኦም ገደማ የሆነ ፖቴንሺዮሜትር (ሲዞር የሚለዋወጥ ተቃውሞ) አለ፤ በሽቦው ላይ የሚንሸራተተው ብረት አረንጓዴ ዝገት ያበቅልና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ሙዚቃውን ዝቅ አድርገው ከፍተው ሁለቱንም ማዞሪያዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመው ያዙሯቸው። ከዚያ አንድ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልለው አንዱን ጫፍ ወደ ትዊተሩ፣ ሌላውን ወደ ጆሮዎ አድርገው ማዞሪያውን በጣም ቀስ እያሉ ያዙሩ። ለቅጽበት እንኳ ጭል ብሎ ከተሰማ ትዊተሩ በሕይወት አለ። ቱቦው ዶሙን እንዳይነካ፤ ከዶሙ ወደ ሰሌዳው የሚሄዱት ሽቦዎችም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስለሆኑ ጣት አያስጠጉ።

ሌላው፣ ከጀርባ ሦስት ማያያዣ አለ፦ 1፣ 2 እና ቲ። በ2 እና በቲ መካከል ትንሽ ብረት መኖር አለበት። ብረቱ ከሌለ የስፒከሩ አንድ ክፍል አይሠራም፤ ሰው ሳያውቅ አውጥቶት ይሆናል። በቁራጭ ሽቦ አገናኝተው ይሞክሩ።

በቴስተር ከጀርባ ሲለኩ ወደ 3 ኦም አካባቢ ካነበበ የዎፈሩ ቮይስ ኮይል (የዎፈሩን የወረቀት ሾጣጣ የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) አልተቃጠለም፤ ሚዱና ትዊተሩ የቴስተሩን ቀጥታ ጅረት ከማያሳልፍ ካፓሲተር ጀርባ ስለሆኑ በዚህ ልኬት አይታዩም። ትዊተሩን ከሰርኪዩቱ ሳይነጥሉ ለመለካት ግን አይሞክሩ። ማዞሪያው ጎን ለጎን ስለተያያዘ የሚያነቡት ቁጥር ያሳስታል። እዚያ ላይ ጆሮ ይሻላል።

የዎፈሮቹ ልዩነት የዘመን ነው። 3ኤ በ1967 ሲወጣ የዎፈሩ ዙሪያ ጨርቅ፣ ማግኔቱም አልኒኮ ነበር፤ በኋላ ወደ ፎምና ወደ ፌራይት ማግኔት ተዛወረ። ስለዚህ ወይ ሁለቱ ስፒከሮች በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ናቸው፣ ወይ የአንዱ ዎፈር ተቀይሯል። ተከታታይ ቁጥሮቹን ያስተያዩ። ከገዙ በኋላም የሁለቱን ሳጥን ክሮስኦቨር (ድምፁን ለዎፈር፣ ለሚድና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት) ጎን ለጎን ፎቶ ያንሱ፤ የሽቦ ጥቅሎቹ የተለያዩ ከሆኑ እያንዳንዱ ዎፈር ከራሱ ሳጥን ጋር ይቆይ።

አራቱም፣ ማለትም ሁለቱ ሚድና ሁለቱ ትዊተር፣ ድምፅ ከሰጡ በ400ም ቢሆን አይከስሩም። አንድ ትዊተር እንኳ ከሞተ ግን እኔ ከ200 በላይ አልከፍልበትም።

ዎፈር ጠጋኝ

ካቻቢቴ ፍተሻውን ጨርሰውታል፤ እኔ ወደ ፎሙ ልግባ።

መጀመሪያ ግዢው። «የ12 ኢንች ፎም» ብለው የሚሸጡትን ሁሉ አይዘዙ፤ ለኤአር 12 ኢንች ተብሎ የተሠራውን ይምረጡ። የወረቀቱ ስፋትና የፎሙ ውስጠኛ ከንፈር አቀማመጥ ከሌሎች ይለያል። ከሁሉ በላይ ግን ልስላሴው ነው። ይህ ዎፈር ከሳጥን ውጭ የራሱ ርግብግቢት 18 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ሲታሸግ ወደ 42 ይወጣል። ይህም ማለት ወረቀቱን ወደ ቦታው የሚመልሰው በዋናነት በሳጥኑ የታፈነው አየር ነው፣ ፎሙ አይደለም። ጠንካራ ፎም ሲለጠፍበት ባሱ ይደርቃል፤ ሰው ደግሞ ካፓሲተሩን ይጠረጥራል።

አወጣጡ፦ ሳጥኑን በጀርባው ያስተኙት። ብሎኖቹን ሲፈቱ ካቻቢቴውን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ማግኔቱ ጫፉን ስቦ ወረቀቱን ይበሳዋል። እንዲህ የተበሳ ዎፈር ብዙ ነው። ከዎፈሩ የብረት ክፈፍ ሥር ግራጫ እንደ ሊጥ ያለ ማሸጊያ ስላለ ዎፈሩ ብሎኑ ከወጣም በኋላ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጠፍጣፋ ነገር ከውጭ ጠርዝ በኩል አስገብተው በየአቅጣጫው ጥቂት በጥቂት ያንሱት። የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ምልክት ያድርጉ። በውስጡ የተሞላው ቢጫ የመስታወት ጥጥ ቆዳና ሳንባ ይጎዳል፤ ጓንትና ማስክ ያድርጉ። የእያንዳንዱን ሳጥን ጥጥ ለብቻው በከረጢት አድርገው ይመዝኑትና ያንኑ መጠን ወደዚያው ሳጥን ይመልሱ። ከቀነሰ ባሱ ይንቦጫረቃል።

ጽዳቱ ነው ጊዜ የሚወስደው። አሮጌውን ፎም ከመፋቅዎ በፊት በወረቀቱ ፊት ይሁን በጀርባው እንደተለጠፈ ፎቶ ያንሱ፤ አዲሱም በዚያው በኩል ነው የሚሄደው። ከብረቱ ላይ ያለውን ኮላ በደንብ መፋቅ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ግን 91 በመቶ አልኮል በጥጥ እየነኩ ኮላው እስኪለሰልስ ጠብቀው በደነዘዘ ቢላ ቀስ ብለው ያንሱ። ወረቀቱን አያርሱት። የድሮ ኮላ ጉብታ ከቀረ አዲሱ ፎም እዚያ ቦታ ላይ ከፍ ይልና ወረቀቱ ያዘነብላል።

አለጣጠፉ፦ ነጩን፣ ሲደርቅ የሚጠራውንና የሚለመጠውን የስፒከር ኮላ ይጠቀሙ። ሱፐር ግሉ ፎሙን ያደርቀዋል፤ ማስቲሽ ደግሞ አንዴ ከያዘ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። መጀመሪያ ውስጠኛው ከንፈር ብቻ ከወረቀቱ ጋር ይለጠፍ። ቀጭን ኮላ በሁለቱም ላይ ቀብተው ዙሪያውን በጣት እየዞሩ እስኪይዝ ይጫኑት፤ አየር ያለበት ቦታ እንዳይቀር። ያሳድሩት። ውጨኛው ከንፈር በማግስቱ ነው።

ውጨኛው ሲለጠፍ ነው ማዕከሉ የሚስተካከለው፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ቮይስ ኮይሉ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ወረቀቱ ትንሽ ወደ ጎን ከሄደ ይፋቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የምመክረው መሃል ያለችውን ቆብ ዙሪያዋን በምላጭ ቆርጦ አንድ ጎኗን ሳይለቁ ገልጦ፣ በክፍተቱ ውስጥ በአራት አቅጣጫ እኩል ውፍረት ያላቸው የፕላስቲክ ወይም የወረቀት ቁራጮች ማስገባት ነው። ኮይሉ ወዴትም አይሄድም። ከዚያ ውጨኛውን ለጥፈው በልብስ መቆንጠጫ ይያዙትና 24 ሰዓት ይተዉት። ቁራጮቹን አውጥተው ቆቧን መልሰው ይለጥፉ። ቆቧን መቁረጥ የማይወዱ ሰዎች ኮላው ሳይደርቅ 30 ኸርዝ ድምፅ ዝቅ አድርገው እያጫወቱ መፋቁ እስኪጠፋ ወረቀቱን በጣት ያስተካክላሉ፤ ይሠራል፣ ግን ጆሮ የለመደ መሆን አለበት።

ፎሙ የፈረሰ ዎፈር ገና ሳይለጠፍ ሲገፉት ትንሽ ቢፋቅ ኮይሉ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ ማዕከሉን የሚይዝለት ነገር ስለሌለ ነው። ወረቀቱን ዙሪያውን እኩል ይዘው ሲገፉትም ከጮኸ ግን ያሳስባል።

የጨርቁ ዎፈር ከታሸገበት ሳጥን ሳይወጣ በሁለት እጅ ጣቶች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀስ ብለው ገፍተው ይልቀቁት። እያመነታ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር አያስወጣም። ወዲያው ከተፈናጠረ አንድ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው፤ ወይ የጨርቁ ቅባት በዕድሜ ደርቋል፣ ወይ የዎፈሩ ማሸጊያ ወይም የማዞሪያው ቀዳዳ። ለጨርቅ ዙሪያ የሚሸጥ የማይደርቅ ቅባት አለ፤ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሲሊኮን በፍጹም፤ ከብዶ ይጠነክራል፣ በኋላም አይለቅም።

አራት ኦም

ሁለቱም ያሉት ትክክል ነው። ሳጥኑ ከተከፈተ ዘንድ ማዞሪያዎቹን አብረው ይጨርሷቸው። ያለውን ማዳን ይቻላል፦ ነቅለው፣ ፈትተው፣ የሚንሸራተተውን ብረትና የሽቦውን ጀርባ በመዳብ ማጽጃ እስኪያበራ አጽድተው፣ በአልኮል አጥበው፣ ዲኦክሲት (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ) ቀብተው ይመልሱ። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ብረቱ ተበልቶ ካለቀ 15 ኦም፣ 25 ዋት፣ ባለ ሦስት እግር ሪዮስታት (ተለዋዋጭ ተቃውሞ) ይግጠሙ። ብዙ ሰው 8 ኦም ኤል ፓድ (ሌላ ዓይነት የድምፅ መቀነሻ ማዞሪያ) ገዝቶ እንዳለ ይገጥማል፤ አሠራሩ ስለሚለይ ክሮስኦቨሩ የሚያየው ጭነት ይቀየርና የድምፁ ሚዛን ይዛባል።

ካፓሲተሮቹ በእያንዳንዱ ሳጥን 6፣ 50 እና 150 ማይክሮፋራድ ናቸው፤ ለትዊተር፣ ለሚድ፣ ለዎፈር በቅደም ተከተል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ስላለፈ እኔ ሁሉንም በጥሩ ፊልም (የፕላስቲክ) ካፓሲተር እንዲቀይሩ እመክራለሁ።

ካቻቢቴ

ወንድሜ አራት ኦም፣ በማዞሪያው እስማማለሁ፤ «ሁሉንም በፊልም» በሚለው ግን አልስማማም። መጀመሪያ አንዱን እግር ነቅሎ መለካት ይቅደም። እስከ 10 በመቶ ልዩነት ያለው ጤነኛ ነው። 6ቱን በፊልም መተካት ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው። 50ው እና 150ው ግን በፊልም ሲሆኑ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ይገዝፋሉ፣ ዋጋቸውም ይከብዳል፤ በዚያ ላይ የፊልም ውስጣዊ ተቃውሞ በጣም አነስተኛ ስለሆነ ሚዱ ከለመደው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ፖላሪቲ የሌለው ባለ 100 ቮልት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ይበቃል። ዋናው ነገር በሁለቱም ሳጥን አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዱ አሮጌ ሌላው አዲስ ከሆነ የዘፋኙ ድምፅ ከመሃል ወደ ጎን ይሄዳል።

የሸክላ ወዳጅ

እጅግ አመሰግናለሁ። እንዳላችሁት አደረግሁ፤ ማዞሪያው ሲዞር ትዊተሩ ድምፅ ሰጠ፣ አራቱም ይሠራሉ። በ320 ተስማማን። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ምን ዓይነት አምፕ ይሻለዋል? ወደ አዲስ አበባስ እንዴት ይሄዳሉ?

አራት ኦም

እንኳን ደስ አለዎት። እነዚህ ስፒከሮች 4 ኦም ናቸው፣ ለጥቂት ዋትም ብዙ ድምፅ አይሰጡም። በ4 ኦም ላይ መሥራት እንደሚችል በግልጽ የተጻፈበትና ቢያንስ 50 ዋት ያለው አምፕ ይፈልጉ። በአንድ አምፕ ኤ እና ቢ የስፒከር መውጫዎች ላይ ሌላ ጥንድ ጨምረው አብረው አይክፈቱ፤ አምፑ ይግላል፣ ይጠፋል፣ አንዳንዱም ይቃጠላል። ደካማ አምፕ እስከ ጥግ ተከፍቶ ድምፁ ሲቆራረጥ ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ያ የማይገኘው ትዊተር ነው።

ስፒከሩ ራሱ ከ110 ወይም ከ220 ቮልት ጋር ጉዳይ የለውም። አምፑን ግን አዲስ አበባ ላይ 220 የሚቀበል ይግዙ፤ የአሜሪካውን ከወሰዱ ከአምፑ ፍጆታ በላይ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ዎፈር ጠጋኝ

ለጉዞው፦ አንዱ ስፒከር 53 ፓውንድ፣ ማለትም 24 ኪሎ ነው። የተለመደው የሻንጣ ገደብ 23 ኪሎ ስለሆነ እንዳለ አይሄድም። ልኬቱ ግን 25 በ14 በ11 ኢንች ተኩል ገደማ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ከአየር መንገዶች የተለመደ የሻንጣ ልኬት ገደብ ከ62 ኢንች በታች ስለሆነ ካርቶኑ ጥሩ ስፖንጅ ቢኖረውም ያልፋል። ዎፈሮቹን አውጥተው ለብቻቸው ይላኩ። ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሳጥኑ ቢወድቅም ከባዱ ማግኔት ቦታውን ስቶ ኮይሉን አይቆልፈውም። ዎፈሮቹን ፊት ለፊት አጋጥመው አያሽጉ፤ ወረቀቱ ላይ ጠንካራ ካርቶን በብረቱ ጠርዝ ላይ አስረው ያስቀምጡ። ቀዳዳውን በኮምፔንሳቶ ይሸፍኑት፤ ጥጡ እንዳይወጣ። ከትዊተሩና ከሚዱ ፊትም ምንም የማይነካቸው ክፍት ቦታ ይተዉ።

እዚያ ሲደርሱ ዎፈሩን መልሰው ሲገጥሙ አዲስ ማሸጊያ ያድርጉ፤ አሮጌው ሁለተኛ አያሽግም። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ፣ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። ከዚያ 1.5 ቮልት ባትሪ በሁለቱም ስፒከሮች ማያያዣ ላይ በአንድ ዓይነት አቅጣጫ ለቅጽበት ነካ ያድርጉ፤ ሁለቱም ወረቀት ወደ አንድ ወገን መሄድ አለበት። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ የዎፈሩ ሽቦ ተገልብጧል፣ ባሱም ይጠፋል።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር፦ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ወረቀቱን የሚመልሰው ያ የታፈነ አየር ስለሆነ እዚያ ስፕሪንጉ ይለሰልሳል፤ በስሌት 42ቱ ኸርዝ ወደ 38 ይወርዳል። የሚቀየር ነገር የለም፤ ግን ሲገፉት ከሜሪላንዱ ለስለስ ብሎ ቢሰማዎት አየር አስወጣ ብለው ዎፈሩን ዳግም እንዳይፈቱት።