ለሳይኮሎጂ ድህረ ምረቃ በምጽፈው የግል ጽሑፍ የአጎቴን ህመም ላንሳ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ (ከመሀል ሜዳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በሳይኮሎጂ ተመርቄ አሁን መንዝ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ባለሙያ ነኝ። አሜሪካ ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ላመለክት ነው። ሁለት ገጽ ያህል የግል ጽሑፍ ይፈልጋሉ። አጀማመሬ እንዲህ ነው፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር። አጎቴ የአእምሮ ህመም ይዞት ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ስንወስደው ያየሁት ስቃይ ዛሬም ያስለቅሰኛል።» ግማሽ ገጽ እንዲሁ ይቀጥላል። አንዷ ጓደኛዬ «ልብ ይነካል፣ ምንም እንዳትቀይሪ» አለችኝ። ሌላዋ «ይሄ ለማመልከቻ አይሆንም» አለች። ግራ ገባኝ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ (የደብረ ሲና ልጅ፣ አሁን አሜሪካ ተማሪ)

እህቴ፣ አጎትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ግማሽ ገጹን ግን ቀንሺው። ድሩ አፕልቢና ካረን አፕልቢ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የሳይኮሎጂ ድህረ ምረቃ ተማሪ የሚመርጡ ኮሚቴዎችን ሰብሳቢዎች አመልካችን ምን እንደሚጥለው ጠይቀው ነበር። ስለ ራስ የአእምሮ ጤና አብዝቶ መናገር፣ የግል ጉዳይን ከመጠን በላይ መዘርዘርና «ሁሉንም መርዳት እፈልጋለሁ» ማለት ከመልሶቹ ውስጥ ነበሩ።

ሰዎቹ ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። እዚህ የክሊኒካል ፒኤችዲ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው በአንድ ፕሮፌሰር ሥር ነው። አብረው አምስት ስድስት ዓመት ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው ለኑሮም ይከፍላሉ። ስለዚህ ጽሑፍሽን የሚያነበው ሰው «ከዚህች ልጅ ጋር ምርምር ልሠራ እችላለሁ?» እያለ ነው። ለቅሶሽ ይህን አይመልስለትም። ለመሆኑ ቢሮሽ ውስጥ ምን ታያለሽ? እስቲ እሱን ንገሪን።

መልስ (ከደብረ ብርሃን፣ የጤና ባለሙያ)

ባብዛኛው እስማማለሁ። ጸበሉን ግን እንዳትደብቂው። እኛ ጋ ቤተሰብ በሽተኛውን ጸበል ያስጠምቃል፣ ሆስፒታልም ያመጣል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም ባንድ ላይ ያስኬዳል። ይህን የምታውቅ ባለሙያ መሆንሽ ዋጋ አለው። ብቻ ቤተሰብሽን ኋላ ቀር አስመስለሽ እንዳትጽፊ። የፈረንጅ አንባቢ ደስ ይበለው ብሎ ወገንን ማሳነስ በጣም ያመኛል። ጻድቃኔ ማርያም ሰው በእምነት የሚሄድበት ቦታ ነው። ለማያውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድተሽ እለፊ።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ። ቢሮዬን ላልሽው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው ነው የሚፈተኑት። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 ከመቶ ብቻ ስለነበሩ ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። የሚገርመኝ ግን «ጨነቀኝ» ብሎ የሚመጣ የለም። ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን ወጋኝ፣ እጄ ደነዘዘ ነው የሚሉት። ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ምንም አይገኝባቸውም። የሚሉትን ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፤ ፈተናው ሲያልፍ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል።

መልስ (የደብረ ሲና ልጅ)

ይኸው ጽሑፍሽ! «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውን ሰርዘሽ እንዲህ ጀምሪ፦ «ተማሪዎቼ ፈተና ሲቃረብ ቢሮዬ የሚመጡት ሆዳቸውን ይዘው ነው። ጤና ጣቢያ ምንም አላገኘባቸውም። ጭንቀታቸውን በሰውነታቸው የሚናገሩ ልጆችን ‹ትጨነቃለህ?› ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ ያገኛቸዋል ወይ?» ይህ የምርምር ጥያቄ ነው። ከዚያ ምን እንዳደረግሽ፣ ምን መማር እንደሚቀርሽ፣ ለምን እዚያ ፕሮፌሰር ዘንድ እንደምትሄጂ ጻፊ። ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው ክፍል ይለያይ። የፕሮፌሰሩን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ሳታነቢ ስሙን ብቻ ብትጠሪ ይታወቅብሻል።

መመሪያውንም አስተውዪ። ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ካሉ የምርምርና የሙያ ዓላማሽን ማለታቸው ነው። ፐርሰናል ስቴትመንት ለብቻው ከጠየቁ ስለ አስተዳደግሽና ስላለፍሽበት መንገድ ሰፋ አድርገሽ መጻፍ ትችያለሽ፤ አጎትሽ እዚያ ቦታ አለው።

መልስ (ከዓለም ከተማ)

የኔ እህት፣ አንድ ነገር ልጨምር። የአንድን ተማሪ ታሪክ ካነሳሽ ስሙን መቀየር ብቻ አይበቃም። አገራችን ትንሽ ነው። «አባቱ እንዲህ የሆነ፣ ከዚህ ቀበሌ የመጣ» ካልሽ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሰፈሩን፣ የቤተሰቡን ሁኔታና ጊዜውን ከጽሑፉ አውጪ። ምስጢር መጠበቅሽ ራሱ ባለሙያ መሆንሽን ያሳያል። አጎትሽንም በሕይወት ካለና ከተሻለው አስፈቅጂው።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት፣ መምህር)

ልጄ፣ የብዙዎቹ ማመልከቻ ማብቂያ ህዳር 22 (ዲሴምበር 1) አካባቢ ነው። በመስከረም ለፕሮፌሰሮቹ አጭር ኢሜይል ላኪ፤ ዘንድሮ አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆን ጠይቂ። የማይቀበል ሰው ጋ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ከማመልከቻ ክፍያ ነፃ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ለመጠየቅ አትፈሪ። እግረ መንገድሽን ለአገር ውስጥ ማስተርስም ካሰብሽ ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ዝግጅቱ ሌላ ነው።

ጽሑፍ በገንዘብ ከሚሸጡ ሰዎች ራቂ። በቻትጂፒቲ ሙሉውን አስጽፈሽም እንዳትልኪ። ቃለ መጠይቅ ላይ የጻፍሽውን ይጠይቁሻል። እንግሊዝኛው አጫጭር ዓረፍተ ነገር ቢሆን ምንም አይደል፤ ሰዋስዉን ብቻ የሚያርም ሰው ፈልጊ።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መግቢያውን ቀይሬዋለሁ። አጎቴን ከምርምር ዓላማው ጽሑፍ አውጥቼዋለሁ፤ ፐርሰናል ስቴትመንት በሚጠይቁት ላይ እሱን ጠይቄ አስገባዋለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ መምህሬ ረቂቁን ቢያዩት ችግር አለው?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት፣ መምህር)

ኧረ የግድ ላኪላቸው! ስለ ደብተርሽም ንገሪያቸው። እሳቸውም ደብዳቤው ላይ ያንኑ ሥራሽን ባዩት ልክ እንዲጽፉ ይረዳቸዋል። ቢያንስ ወር ቀደም ብለሽ ስጫቸው፤ ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ከፈተና እርማት ጋር እንዳይጋጭባቸው።