የእድሩ ገንዘብ አሞክሲሲሊን ይገዛበት ወይስ ኦክስጅን?

የእድሩ ጸሐፊ፦ እሑድ ሳንቋጭ የተበተንነውን ነገር እዚሁ ግሩፓችን ላይ እንጨርሰው። የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢመጣ ብለን፣ ለሳንባ ምች የሚሆን፣ እንደ አሞክሲሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከአሁኑ ገዝተን በእድሩ መጋዘን እናስቀምጥ ወይ? ከድንኳንና ከወንበር ኪራይ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ። "እደግፋለሁ" ብቻ ብሎ መሄድ አይቻልም፣ ምክንያት ይጻፍ።

የሄርማታው ነጋዴ፦ እኔ እደግፋለሁ፣ ምክንያቴም እናቴ ናት። በኮሮና ጊዜ አዚትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ፍለጋ እዚህ ጅማ ከሄርማታ እስከ ቆጪ በባጃጅ ስዞር አመሸሁ። የተገኘውም በሦስት እጥፍ ዋጋ ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነው ያለነው፣ መንገድ ቢዘጋ ምን ይውጠናል? ለቀብር ድንኳን የምንገዛ ሰዎች፣ ቀብር እንዳይኖር ኪኒን ብንገዛ ምን ነውር አለው?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እማማን እግዜር ይጠብቅልን፤ ግን ያ ሁሉ ዙረት ለምን እንደነበር ልንገርዎት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በኮሮና ሆስፒታል ከተኙት ውስጥ ባክቴሪያ የተደረበባቸው 8 በመቶ ብቻ ናቸው። አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን 75 በመቶ ገደማ። ያ ሁሉ መድኃኒት፣ ባክቴሪያው እንዲለምደውና እንዳይበገርለት ከማድረግ በቀር የረባ ነገር አልሠራም።

የሄርማታው ነጋዴ፦ ታዲያ ያዘዛችሁልን እናንተው አይደላችሁ?

ነርሷ፦ እኛው ነን። አልክድም።

ጡረተኛው መምህር፦ ኮሮናን ከኢንፍሉዌንዛ ጋር አንድ አታድርጓቸው። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ስለፈጀው ነው፤ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። የዓለም ሰዎች "የስፔን ጉንፋን" የሚሉት ይኸው ነው። ከዚያ ዘመን ሟቾች ተቀምጦ የቆየ የሳንባ ናሙና አሜሪካኖቹ መርምረው በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ አብዛኛው ሰው ያለቀው ጉንፋኑን ተከትሎ በገባ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነው። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር፣ አሥር ዓመት ይቀረው ነበር። አሁን ኪኒኑ እያለ ሳናስቀምጥ ብንቀር ማን ይቅር ይለናል? የልጄ ጓደኛ፣ ለዚህ ምን መልስ አለሽ?

ነርሷ፦ መምህር፣ ታሪኩ ልክ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በተነሣው የኤች1ኤን1 ጉንፋን ወረርሽኝም አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩ 77 ሟቾች በ22ቱ ላይ ባክቴሪያ ተገኝቷል። እኔ የምቃወመው መድኃኒቱን አይደለም፣ መጋዘኑን ነው።

ጉንፋኑ የመተንፈሻ ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ያቆስለዋል። ያኔ ወትሮ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሳይጎዳን የሚኖረው ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ሰውየው "ተሻለኝ" ብሎ ከተነሣ በኋላ ነው ትኩሳቱ የሚያገረሸው፣ ጎኑን የሚወጋው፣ ትንፋሹ የሚያጥረው። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ኪኒኑ እድር ቤት ካለ ግን ያን ቀን ማን ይጠብቃል? በመጀመሪያው ማስነጠስ ያልቃል፣ እውነተኛው ሕመምተኛ ሲመጣ ካርቶኑ ባዶ ነው። ደግሞስ የትኛውን ልትገዙ ነው? አሞክሲሲሊን ኒሞኮከስ የሚባለውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ ይይዛል፤ ስታፍ የሚባለውን ሌላ ባክቴሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፣ ለእሱ ክሎክሳሲሊንና መሰሎቹ ናቸው የሚታዘዙት።

አዴ፦ ምች ከሆነ ዳማ ከሴ አለ እኮ ልጆች።

ነርሷ፦ አዴ፣ ይኼኛው ምች ሌላ ነው። ዳማ ከሴውን ይሹት፣ ግን ሕፃኑ ትንፋሹ ከፈጠነ ጤና ኬላ ይውሰዱት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይኼን እኔ ላስረዳ። ትንሹ ልጄ ሲታመም የጤና ኤክስቴንሽኗ ልብሱን ገልጣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። ሁለት ወር ሞልቶት ዓመት ያልሞላው በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው አለችኝ። ከዚያ በውኃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ሰጠችኝ። ማለቴ፣ ሰፈራችን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው አለው። መድኃኒቱ ከእሷ ዘንድ ይጨመር እንጂ ለምን እኛ ጋ ይቆለፍበታል?

ቡና ለቃሚው፦ እኔ የእድሩ አባል አይደለሁም፣ ዘመዴ ነው ያስገባኝ፤ ይቅርታ። ቡና ሲደርስ በአንድ ክፍል አሥር ሆነን ነው የምናድረው። አንዱ ካሳለ ሁላችንም ነን። በእድር የተቆለፈ መድኃኒት ለእኛ ይሰጣል?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ደንቡ ለአባል ብቻ ነው የሚለው።

ጡረተኛው መምህር፦ እሱን አላሰብኩበትም ነበር። በሽታው መዝገብ አያገላብጥም።

የሄርማታው ነጋዴ፦ እሺ፣ መጋዘኑ ይቅር። ገንዘቡስ? ባንክ ተቀምጦ ዋጋ እየጣለ ነው።

ነርሷ፦ ለጤና ጣቢያው አንድ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ማሽን፣ እና ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ብንገዛስ? ሳንባ ምች ብዙውን ጊዜ የሚገድለው አየር በማሳጣት ነው፤ ኪኒኑ እስኪሠራ ድረስ ሰውየውን የሚያቆየው ኦክስጅን ነው። ለሽማግሌዎቻችን ደግሞ የአዋቂዎች የኒሞኮከስ ክትባት ከተገኘ እናስከትብ። ሕፃናቱ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይከተባሉ፣ ትልልቆቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የአዲስ ጉንፋን ክትባት ጊዜ ይወስዳል፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ ከታወቀ አምስት ወር ገደማ ፈጅቷል። የኒሞኮከሱ ግን ከአሁኑ ይወሰዳል።

የሄርማታው ነጋዴ፦ የኔ ልጅ፣ ኮንሰንትሬተር በመብራት ነው የሚሠራው። ጅማ ነሽ እኮ! ደግሞ ለአንድ ሰው ነው፤ በወረርሽኝ አንድ ማሽን ምን ይፈይዳል?

ነርሷ፦ ለአንድ ሰው፣ ልክ ነው። ያ አንድ ሰው ግን እናትዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመብራቱ፣ ለለቅሶ የምናከራየው ጄኔሬተር አለ አይደል?

የእድሩ ጸሐፊ፦ አለ። ከአረፋ ወዲህ አልተነሣም።

የሄርማታው ነጋዴ፦ መካኒክ ማክሰኞ አመጣለሁ። ከተነሣ ከአንቺ ጋር ነኝ፣ ካልተነሣ ግን ወደ ኪኒኔ እመለሳለሁ።