የትንሽ ከተማ ደብር ሳምንታዊ መርሐ ግብር፦ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ እንዳይበተኑ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ የስብከተ ወንጌል ክፍል ተጠሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የአንዲት ትንሽ ወረዳ ከተማ ደብር የስብከተ ወንጌል ክፍል አባል ነኝ። 2 ቀሳውስት፣ 4 ዲያቆናትና አንድ መሪጌታ አሉን። ከዲያቆናቱ 3ቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። እሑድ ቅዳሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀመርና 2 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ዲያቆኑ በማሰናበቻው «እትዉ በሰላም» (በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ) ሲል ግማሹ ሕዝብ በሩ ላይ ነው፤ ስብከቱን የሚሰማው የቀረው ብቻ ነው። ረቡዕ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የማታ ጉባኤ አለን፣ ግን የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ እሑድ 8 ሰዓት ሕፃናትና ወጣቶችን በአንድ አዳራሽ ያስተምራል፣ አንዱ ሌላውን ይረብሻል። ድምፅ ማጉያውም ያፏጫል። የገበያ ቀናችን ቅዳሜ ነው። ሳምንቱን እንደ አዲስ ብናዋቅረው ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦ ንፍቅ ዲያቆን

ወንድማችን፣ ስለ ጉባኤው ከማሰባችሁ በፊት ልዑካኑን፣ ማለትም ቅዳሴውን የሚቀድሱትን ቁጠሩ። ቅዳሴ ከ5 ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ 2 ቄስ፣ 3 ዲያቆን። እንደ ነገርከን ከሆነ በዲያቆን በኩል አንድ መጠባበቂያ አላችሁ፣ በቄስ በኩል ምንም የላችሁም። አንዱ ቄስ ቢታመም የዚያ እሑድ ቅዳሴ ይታጎላል። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት የደብሩ አለቃ ከአጎራባች ደብር ጋር ተነጋግሮ በችግር ቀን አንድ ቄስ የሚዋሱበትን መንገድ መጨረስ ነው። ቅዳሜ ማታ ስልክ መደወል አያዋጣም፣ ምክንያቱ ከቍርባን በፊት የሚጾመው ጾም ነው።

ጾሙ 18 ሰዓት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ቍርባኑ በሚሰጥበት የጠዋት ሰዓት ላይ 6 ጨምሩበት፣ የሚመጣው ቁጥር በዋዜማው ቀን ምግብ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የምታቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል በኋላ ውኃም አይቀመስም። እዚህ ላይ ነው የቅዳሜ ገበያ የሚጎዳችሁ። ተማሪው ዲያቆን ቤተሰቡን ሊያግዝ ገበያ ይወርዳል፣ 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ የቀረበለትን ምሳ ይበላል፤ ከእሑድ ቅዳሴ ወጣ ማለት ነው። ለልጁ ብቻ አትንገሩ፣ ለእናቱም ንገሩ፤ ምሳውን በ6 ሰዓት ታቅርብለት።

ሌላው በአዝመራ ወራት የሚያጋጥም ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማጭድ ጣት ይቆርጣል፤ የሚደማ ቁስል ያለበት ልዑክ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ደግሞ ተማሪዎቻችሁ በአንድ ሳምንት ሊሄዱባችሁ ይችላሉ። የፈተናውን ጊዜ አስቀድማችሁ መዝገብ ላይ ጻፉት።

ቆጠራው ሐሙስ ማታ ይሁን። ሰሞነኞቹ (የሳምንቱ ተረኛ አገልጋዮች) እነማን ናቸው? አምስቱ ሙሉ ናቸው? በዚያው ቀን ቤተ ልሔምም (የቍርባኑ ኅብስትና ወይን የሚዘጋጅበት ቤት) ይታይ። የመገበሪያው ስንዴ በእጅ ተለቅሞ፣ ለብቻው ተፈጭቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥ አለበት። ሌላ እህል በተፈጨበት ወፍጮ ከገባ የጤፍ ወይም የባቄላ ርዝራዥ ይቀላቀልበታል። ዘቢቡንም ከፍታችሁ እዩት፣ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ሐሙስ ከታወቀ ዓርብ ይገዛል። እሑድ ሌሊት ከታወቀ ከየትም አይገኝም። ዕጣንና ጧፍም እንደዚሁ።

መልስ 2፦ የዐውደ ምሕረት አገልጋይ

ሰው የሚበተነው ስብከት ጠልቶ አይደለም። የቆረበው ከትናንት ቀትር ጀምሮ ጾሟል፤ ልጇን ቤት ትታ የመጣች እናትም አለች። እነዚህን በግድ ማቆየት አይገባም። ነገር ግን ሊቆዩ የሚችሉትንም የምታጡበት አንድ ቦታ አለ፤ በቅዳሴው ማብቂያና በስብከቱ መጀመሪያ መካከል ያለው ክፍተት። ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ እስኪያወልቁ፣ ማይኩ እስኪተከል፣ ምንጣፉ እስኪነጠፍ 15 ደቂቃ ያልፋል። ጫማ የሚፈለገው፣ ነጠላ የሚስተካከለው፣ ከጎረቤት ጋር ወሬ የሚጀመረው በዚያ ደቂቃ ነው። አንዴ ጫማውን ያደረገ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም።

ስለዚህ ሰባኪው ከአምስቱ ልዑካን አንዱ አይሁን። መሪጌታው ወይም አራተኛው ዲያቆን ይሁን፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ተዘጋጅቶ ይቁም። ማይኩ ከሌሊቱ ይተከል። «እትዉ በሰላም» እንደ ተባለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሳይጠራ አንድ አጭር መዝሙር ይጀምር። መዝሙሩ ሲያልቅ ሰባኪው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይገኝ።

ርዝመቱ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ቢበዛ 25። ርእሱ ከግጻዌው (በየዕለቱ የሚነበበውን ከሚያሳየው መጽሐፍ) ይውጣ፤ ያን ቀን የተነበበውን ወንጌል ሕዝቡ አሁን ሰምቶታል፣ ሰባኪው ይፍታለት። በዐቢይ ጾም ይህ የተዘጋጀ መንገድ ነው፤ ምኩራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ እያለ እሑዱ በስሙ ይጠራል፣ ሰውም ስሙን ያውቀዋል። በሌላውም ወራት ግጻዌውን ተከተሉ። ሰባኪ የመጣለትን ሲናገር ያለፈውን ወር ስብከት ይደግማል፣ ሕዝቡም ይለየዋል።

ማስታወቂያ ከስብከቱ በኋላ ይሁን፣ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ። የሕንጻ ገንዘብ ልመና ከስብከቱ በፊት ከተቀመጠ ሰው ስብከቱንም እንደ ልመና ይሸሸዋል። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ደብር ላይ ጉባኤ የሚፈርሰው በዚሁ ስለሆነ ነው። የሚሰበሰበውም ገንዘብ ደረሰኝ ይቆረጥለት።

መልስ 3፦ ከቅኔ ማኅሌት

የዐውደ ምሕረት አገልጋዩ መምህር ያሉትን አከብራለሁ፣ በቦታው ላይ ግን አልስማማም። የትምህርቱ ጥንታዊ ቦታ ከወንጌል ንባብ ቀጥሎ ነው። ንዑሰ ክርስቲያን (ገና ያልተጠመቁ ተማሪዎች) ወንጌሉንና ትምህርቱን ሰምተው ይወጡ የነበረው በዚያ ነውና። የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎች ሐዋርያት መልእክት፣ ግብረ ሐዋርያት ተነብበው፣ ምስባክ (በዜማ የሚባለው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) ተሰብኮ፣ ወንጌል ሲነበብ ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል፣ አንድም ሰው አልሄደም። በዚያ ሰዓት 8 ደቂቃ የሚሰበክ ስብከት በኋላ ከሚሰጠው 30 ደቂቃ ይልቅ ብዙ ጆሮ ያገኛል።

አደጋውን ግን ልናገር። 8 ደቂቃ የተፈቀደለት 25 ከወሰደ ልዑካኑ ቆመው ይደክማሉ፣ አረጋውያን መቋሚያቸው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ቅዳሴው ዘግይቶ ያልቃል፣ በሚቀጥለው እሑድ ሰው ዘግይቶ መምጣት ይጀምራል። ሰዓት የማይጠብቅ ሰባኪ ካላችሁ አትሞክሩት። ሰዓት የሚጠብቅ ካላችሁ ግን አጭሩን ከወንጌል በኋላ፣ ሰፊውን ለሚቆዩት ከቅዳሴ በኋላ አድርጉ። ሁሉም በአለቃው ፈቃድ ይሁን።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የረቡዑን ጉባኤስ ቀን እንቀይረው? አንዳንዶች ሐሙስ ይሻላል ይላሉ።

መልስ 4፦ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ

ቀኑን መቀየር ብቻውን አያድናችሁም፤ ሳምንታዊው ቀን ከወርኃዊ በዓላት ጋር ይጋጫልና። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ሰው ሐሙስ ጠዋት ለሚካኤል ሊመጣ ረቡዕ ማታ አይመጣም። አገልጋዩም እንደዚያው ይደክማል።

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 4 ሳምንትና 2 ቀን ነው። በዓሉ በየወሩ 2 ቀን ወደ ፊት ይሄዳል ማለት ነው። ጥቅምት 12 ረቡዕ ከዋለ ኅዳር 12 ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12 እሑድ ይውላል። ነሐሴን ስትሻገሩ ጳጉሜን በመካከል ስለሚገባ ልዩነቱ 35 ቀን ይሆናል፣ ነሐሴ 12 እና መስከረም 12 በአንድ የሳምንት ቀን ይውላሉ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ብቻ አንድ ቀን ይገፋል። ይህን ካወቃችሁ የዓመቱን መርሐ ግብር በአንድ ማታ ታወጡታላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደብሩ ታቦት ወርኃዊ በዓልና ሕዝቡ የሚወድደው አንድ ሌላ በዓል ይመረጡ። ከሁለቱ አንዱ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ በሚውልበት ሳምንት የረቡዑ ጉባኤ ይታጠፍና በዓሉ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ትምህርቱ ይሰጥ። በሌላው ሳምንት ረቡዕ እንደ ነበረ ይቆይ። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ለጸሎት የሚመጣ ሰው አለ፣ ከቅዳሜ ገበያም ይርቃል፣ እኔ ባለበት ይቆይ እላለሁ። መርሐ ግብሩ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። በቃል የተነገረ ለውጥ ግማሹን ሰው አይደርሰውም፣ አንዴ መጥቶ በሩ የተዘጋበት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።

ሰዓቱን ግን ቀይሩት። 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 1 ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ጉባኤ ሴቶችን በጨለማ ይመልሳል። በ10 ሰዓት ተኩል ይጀመር፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይለቀቅ። ጸሎት 10 ደቂቃ፣ መዝሙር 15፣ ትምህርት 35፣ ጥያቄ 15፣ ማሳረጊያ ጸሎት። በክረምት ዝናብ ከያዘ መዝሙሩን ቀንሱ እንጂ ትምህርቱን አትቀንሱ። ትምህርቱ በየሳምንቱ ርእስ ከሚዘል አንድ መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ይሂድ፤ ሰው የቀረበትን ያውቃል፣ የሚቀጥለውንም ይጠብቃል።

መልስ 5፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት

ወንድሜ፣ አዳራሹ አንድ ከሆነ በመጋረጃ አትከፋፍሉት፣ ድምፅ አይከለክልም። በሰዓት ክፈሉት። ሕፃናት ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ከሩብ፣ ታዳጊዎች እስከ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ወጣቶች ከዚያ በኋላ። ለሕፃናቱ 2 መምህራን ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው የሚያለቅሰውን፣ ውጭ የሚወጣውን ይይዛል። ከበሮው እስከ መጨረሻው አይታይ። ሕፃን ከበሮ ካየ ቃል አይሰማም።

ዋናው ምክሬ ግን ተሰጥኦ፣ ማለትም ሕዝቡ በቅዳሴ የሚመልሰው ነው። ሕዝቡ ከቅዳሴ የሚሸሸው የሚመልሰውን ስለማያውቅ ጭምር ነው። በየሳምንቱ አንድ መስመር ብቻ አስጠኑ፣ መጀመሪያ በግዕዙ፣ ቀጥሎ ትርጉሙን። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል «ምስለ መንፈስከ»። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያቀያይራቸዋል፣ ስለዚህ ዲያቆኑን ሲሰማና ካህኑን ሲሰማ እንዲለይ ጎን ለጎን አስጠኗቸው። ቀጥሎ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል «ርቱዕ ይደሉ»። እሑድ ከስብከቱ በኋላ 5 ደቂቃ ለአዋቂዎች፣ ከሰዓት 10 ደቂቃ ለልጆች። ልጆቹ ቤት ሄደው ለእናቶቻቸው ያስጠኗቸዋል።

ዜማውን ከስልክ አታስጠኑ። ካህናታችሁ በየትኛው ዜማ እንደሚቀድሱ መሪጌታውን ጠይቁ፤ ግዕዝና ዕዝል የተባሉት የዜማ ስልቶችም እንደ ወቅቱ ይለያያሉ። ከሌላ ደብር የተቀዳውን ያጠና ሕዝብ ጠዋት ላይ ከልዑካኑ ጋር ይጋጫል፣ አንድ ቀን ከተጋጨ ደግሞ ድምፁን ይቀብራል።

መልስ 6፦ የድምፅ ባለሙያ

ማጉያው የሚያፏጨው ስፒከሩ ማይኩን ስለሚያይ ነው። ስፒከሮቹን ከሰባኪው ፊት አውጥታችሁ ወደ ሕዝቡ አዙሩ፣ ማይኩ ምን ጊዜም ከኋላቸው ይሁን። ሰባኪው ማይኩን ወደ አፉ አንድ ስንዝር ያህል ያስጠጋ። ራቅ ብሎ ሲናገር ኦፕሬተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፉጨቱ የሚመጣው ያኔ ነው። ለከበሮ ማይክ አትስጡ፣ የዘማሪውን ቃል ይውጠዋል። የማይጠቀሙበትን ማይክ ዝጉት።

ጠያቂ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ሐሙስ ቆጠራውን እንጀምራለን፣ ወረቀቱንም እናወጣለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ የረቡዑ ጉባኤ ምን ይሁን?

መልስ 7፦ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ

በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የረቡዑን ትምህርት ከቅዳሴው ጋር አያይዙት፣ ሰው ሁለት ጊዜ አይመላለስም። 20 ደቂቃ ይብቃው፣ ሕዝቡ ገና እህል አልቀመሰምና። ቅዳሜና እሑድ የጠዋቱ ሥርዓት አይለወጥም። በፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በየቀኑ ስላለ ጉባኤውን ጨርሶ እጠፉት። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ቅዳሴው ወደ ጠዋት ይመለሳል፣ ጉባኤውም በ10 ሰዓት ተኩሉ ይቀጥል።