እማዬን በፍልሰታ ዲዝኒላንድ ብወስዳትስ? (ከእናቱ ጋር የሄደ ሰው ይምከረኝ)

የድሬዋ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ሎንግ ቢች ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ ዕረፍቴ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። የዲዝኒላንድ ዓመታዊ ፓስ ከያዝኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ በየወሩ እየከፈልኩ። ያላገባች ያልወለደች የ38 ዓመት ሴት እዛ ምን ትሠራለች የሚለኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። መልስ የለኝም። ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ቢጫ ደብተር አለችኝ። በሄድኩ ቁጥር እጽፍባታለሁ፦ ምን ላይ እንደወጣሁ፣ ምን እንደበላሁ፣ ማታ ምን ፊልም እንዳየሁ። እስካሁን 41 ጊዜ ሄጃለሁ። አንዱን ልገልብጥላችሁ፦

«31ኛ። ረቡዕ። ከሥራ በቀጥታ፣ ሳልተኛ። ማተርሆርን (ተራራ ውስጥ የሚከንፈው መጫወቻ)፣ ብቻዬን ስለሆንኩ በአጭሩ ሰልፍ ገባሁ። ወገቤን ፈጀኝ። ጾም ነው፣ የአናናሱን ዶል ዊፕ (የጾም አይስክሬም በሉት) በላሁ። ከፍራፍሬ ጋሪ ማንጎ፣ ላዩ ላይ ሎሚና በርበሬ ነገር የተነሰነሰበት። ቲኪ ሩም (የማሽን ወፎች ትርኢት) ገብቼ ወፎቹ ሲዘፍኑ እንቅልፍ ጣለኝ። ማታ ፊልም ከፈትኩ፣ ስሙን ሳላይ ተኛሁ።»

ደብተሯ ይህንን ትመስላለች። ከግማሽ በላይ የምግብ ወሬ ነው። የምሄደው ረቡዕ ስለሆነ ደግሞ የጾም ምግብ መዝገብ ሆና ቀርታለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እማዬ ከድሬዳዋ ልትመጣ ነው። 71 ዓመቷ ነው። ከሥራ ፈቃድ ያገኘሁት በነሐሴ መጀመሪያ ብቻ ነው፣ ያ ማለት ፍልሰታ ውስጥ ነው (በፈረንጁ ከኦገስት 7 እስከ 21)። እማዬ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ የማትቀምስ ሰው ናት። ጉልበቷን ያማታል። ግን በወጣትነቷ ቁልቢ ገብርኤል በእግሯ የሄደች ሴት ስለሆነች ተሽከርካሪ ወንበር እንከራይ ብላት ትቆጣኛለች።

ቦታውን አውቀዋለሁ፣ የማውቀው ግን ብቻውን እንደሚሄድ ሰው ነው። እናቱን ይዞ የሄደ ካለ ንገሩኝ፦ ስንት ሰዓት ልግባ? ምን ላይ ላስቀምጣት? ምሳውን እንዴት ልያዘው?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አካባቢውን ዞር ዞር ብላ አይታ «ይሄ ነው?» ብትለኝስ?

ጋሽ_ሾፌር፦

ልጄ፣ እንኳን ለእናትሽ መምጫ አደረሰሽ። ዲዝኒላንድ ያለበት አናሃይም፣ ሆቴሎቹ ሰው ሳመላልስ ስንት ዓመቴ ነው፤ አማቴንም ወስጃቸዋለሁ። ሦስት ነገር ልበልሽ፣ ሁለቱ ትንንሽ ናቸው።

ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቀምሰው፣ አረፍ ብለው ከ10 ሰዓት በኋላ ግቢ። በእነሱ በጋ ማታ ድረስ ክፍት ነው። እኛ አገር ክረምት፣ እዚህ በጋ፤ ለአማቴ ይህን ሳስረዳ ነበር ግማሹ መንገድ ያለቀው። ሙቀቱን እንደሆነ አትፍሪ። የድሬን ፀሐይ የለመደ ሰው ለአናሃይም ነሐሴ ጋቢ ሊፈልግ ይችላል።

ወንበሩን «ለአንቺ ነው» አትበያቸው። «ለዕቃችን ነው» በይና ተከራዪ፣ ቦርሳውን ጫኚበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቦርሳው ወርዶ እሳቸው ይቀመጣሉ።

ትልቁ ደግሞ ይኸውልሽ፦ ዋጋ እንዳትነግሪያቸው። የአንድ ቀን ትኬት ከመቶ ዶላር በላይ መሆኑን አማቴ በብር ሲያሰሉት በሩ ላይ አልገባም ብለው ቆመዋል። እንዴት እንዳስገባኋቸው ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ቤቲ_ፌርፋክስ፦

እኔ የምግቡን ልመልስልሽ።

የራስሽን ምግብ ማስገባት እንደሚቻል ታውቂያለሽ። ጠርሙስ ግን አይገባም፣ ትልቅ የበረዶ ሳጥንም እንዲሁ። ስለዚህ በላስቲክ ዕቃ። እንጀራውን ከፌርፋክስ፣ ከሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ በዋዜማው ግዢው። ሽሮ ፈሰስ እንዳታስቢ! ከመኪናው ሳትወርጂ ቦርሳሽ ሽሮ ይሆናል። ምስሩን ወፈር አድርገሽ ሥሪው፣ ጎመኑን አድርቂው፣ እንጀራው ላይ ቀብተሽ ጠቅልለሽ እንደ ሳንድዊች ቁረጪው። ስልጆ ካለሽ ለብቻው። ስንግ ቃሪያ ለብቻው። እጅ መታጠቢያ ፍለጋ አትንከራተቺ፣ እርጥብ መሐረብ ያዢ።

የእኔ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። እናቴን ሃውንትድ ማንሽን፣ የመናፍስቱ ቤት፣ አስገባኋት። «የድሮ ቤት ነው እማ፣ ጉብኝት ነው» ብያት። ልትወጪ ስትይ መስታወት አለ፣ መንፈስ አጠገብሽ ተቀምጦ የሚታይበት። እናቴ በመስታወቱ ውስጥ አንዱ አብሯት ተቀምጦ ስታይ በስመ አብ ብላ አማተበች፣ እስክንወጣም አላቆመችም። በማግስቱ ጠበል ካልወሰድሽኝ አለች። ይቅርብሽ።

ተመልካች_21፦

ቅር አይበልሽ እህቴ፣ ግን ፍልሰታ ሱባዔ ነው። ሰው ገዳም በሚገባበት ሰሞን እናትን ጭፈራ ቤት መሰል ቦታ መውሰድ? ነሐሴ 16 ይፈታል፣ ለምን አትጠብቂም? ሥጋውንም በልተው፣ ልባቸውም ቀሎት ይሄዱ ነበር።

የድሬዋ_ልጅ፦

@ተመልካች_21 ቅር አላለኝም፣ እኔም አስቤው ነበር። ፈቃዴ ነሐሴ 12 ያልቃል። ደውዬ ጠየቅኳት ደግሞ። «መጾሜን ይተዉልኝ እንጂ የፈለጉበት ይውሰዱኝ» አለች። አቦ፣ የድሬ ሰው እኮ ናት።

@ቤቲ የጠበሉን ነገር ሳነብ ሥራ ቦታ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ የምንከባከባቸው ሴትዮ ነቁብኝ።

ሐዲድ፦

ስለ ምግብ አላውቅም። ግን ጽሑፉን ሳነብ «ድሬዳዋ» የሚለው ላይ ቆምኩ። የድሬ እናት ይዘሽ ሄደሽ ባቡሩን ካላስቀደምሽ ትልቅ ነገር ያመልጥሻል።

የዲዝኒላንድ ባቡር መጫወቻ እንዳይመስልሽ። እውነተኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው፣ ፓርኩ በ1955 ከተከፈተ ጀምሮ ይዞራል። ቁጥር 3 የሚባለው ሎኮሞቲቭ የተሠራው በ1894 ነው፣ ሉዊዚያና የሸንኮራ እርሻ ላይ ሲያገለግል የነበረ። የእኛው የጅቡቲ ባቡር ሥራ የተጀመረው በ1897 ነው፤ ድሬ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917። ያ ሎኮሞቲቭ በዕድሜ ከድሬዳዋ ከተማ ይበልጣል ማለት ነው። የሐዲዱ ስፋት 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ አንድ ሜትር ነበር። ወንድማማች ናቸው።

ዋናው በር ላይ አትሳፈሩ፣ ሰው ይበዛል። ኒው ኦርሊንስ ስኩዌር ጣቢያ ሂዱ። ሎኮሞቲቮቹ ውኃ የሚጠጡት እዛ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ቤት የቴሌግራፍ ድምፅ ይሰማል፣ ታክ ታክታክ የሚል። ዝም ብሎ ማስመሰያ አይደለም፤ ዋልት ዲዝኒ በመክፈቻው ቀን ካደረገው ንግግር የተወሰደ ነው፣ በድሮው የቴሌግራፍ ፊደል።

አንድ ሙሉ ዙር 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ለጉልበትም ጥሩ ነው፣ ቁጭ ብሎ ፓርኩን መዞር።

የድሬዋ_ልጅ፦

@ሐዲድ ይህን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ ሸሚኖ (የምድር ባቡር ሠራተኛ) ነበር። ድሬ ጣቢያ። ሥራው ደግሞ ቴሌግራፍ ነበር። 41 ጊዜ ስሄድ በዛ ጣቢያ አልፌያለሁ፣ ድምፁን የወፍ ይሁን የማሽን ልብ ብዬው አላውቅም። እነግራችኋለሁ።

የድሬዋ_ልጅ፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ሄድን። ደብተሯ ላይ 42ኛ ተብሎ ተጽፏል።

ቅዳሴ 9 ሰዓት አካባቢ ወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነዳሁ። መኪና ውስጥ ነው የበላችው፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ በሩን ከፍታ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ። የቤቲን ጥቅልል «ይሄ የማን ፈጠራ ነው?» አለች። ሦስት በላች። የተረፈውን ይዘን ገባን። ፈታሹ ወጣት የላስቲክ ዕቃውን ከፍቶ አሸተተና ፈገግ ብሎ ዘጋው። እማዬ «ቅመስ በለው» ስትለኝ ከኋላችን ሰልፉ ረዝሞ ነበር።

ፓርኩ መሀል ያለው የተረት ግንብ ጋ ስንደርስ የፈራሁት መጣ። ቆማ ቀና ብላ አየችው። «ይሄ ነው?» አለች። ቁመቱ 77 ጫማ ነው፣ 23 ሜትር ገደማ፤ ላዩ ላይ ያሉት ድንጋዮች ሆን ተብሎ አንሰው ስለተሠሩ ከሩቅ ትልቅ ይመስላል፣ እላለሁ እኔ፣ እንደ አስጎብኚ። «ገባኝ፣» አለች፣ «ከሩቅ ይሻላል።» ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

ወንበሩን ጋሼ እንዳሉት ለዕቃ ተከራየሁ። 40 ደቂቃ ፈጀ። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠችና «ዕቃው እንዳይወድቅ ነው» አለች።

ስሞል ወርልድ ገባን። ጀልባው ላይ አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ እያየች ነጠላ የለበሰች ስትፈልግ ወጣን። ቲኪ ሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደደችው፤ ወፎቹ ከ1963 ጀምሮ ይዘፍናሉ ስላት «ደሞዝ ስንት ነው?» አለችኝ። ሚኪ እጇን ሲጨብጣት አጎነበሰችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ «ይሄን ሁሉ ያቆመው አይጥ ነው?»

ባቡሩን አውቄ ወደ መጨረሻ አስቀረሁት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ኒው ኦርሊንስ ጣቢያ ደረስን። ምንም አልነገርኳትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ውኃ ጠጣች። ከዚያ አንገቷን ቀና አደረገች። አንዲት ፈረንጅ ልጅ ታለቅስ ነበር፣ ሰው ይጮህ ነበር፣ እሷ ግን በመሀሉ ሰማችው። ታክ፣ ታክታክ፣ ታክ።

«ቴሌግራፍ ነው» አለች። አልጠየቀችም።

የቀኝ እጇ ጣት ጉልበቷ ላይ መምታት ጀመረ። ከድምፁ ጋር አብሮ አይሄድም፣ የራሱ ነው የሚመታው። ምንድን ነው ስላት፣ ልጅ ሆና ምሳ ለአባቷ ስታደርስ ስሟን በቴሌግራፍ መምታት እንዳስተማራት ነገረችኝ። 38 ዓመት ልጇ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ስለ አባቷ ሁለት ባቡር እስኪያልፈን ድረስ አወራችኝ። ከዚራ የሚባለው የድሬ ሰፈር ያለውን ቤት፣ ፈረንሳይኛ የሚሳደቡትን ግሪክ፣ ባቡር ሲገባ ሰፈሩ ሰዓት ያስተካክል እንደነበር።

የመጣልን ቁጥር 3 አልነበረም፣ በ1925 የተሠራው ቁጥር 4 ነው። ሦስት ዙር ዞርን። ዳይኖሰሮቹ ያሉበት ዋሻ ውስጥ «እነዚህ ከጥፋት ውኃ በፊት ናቸው» ብላ አለፈቻቸው። እሷ የምታየው ጭሱን ነበር።

ስንወጣ ሜይን ስትሪት ላይ፣ የእሳት አደጋው ቤት ፎቅ መስኮት ላይ ያለችውን መብራት አሳየኋት። ዋልት ዲዝኒ ያርፍባት የነበረች ትንሽ መኖሪያ ናት፣ እሱን ለማስታወስ መብራቷ ሁልጊዜ ይበራል። «ደግ አደረጉ» አለችና አማተበች።

በማግስቱ ሆሊውድ ኤል ካፒታን ሲኒማ ወሰድኳት፣ በ1926 የተከፈተው። ፊልሙ ሳይጀመር ኦርጋን የሚጫወት ሰው አለ። ፊልሙ ላይ ተኛች፣ ለኦርጋኑ ግን አጨበጨበች። ድሬ ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ሲያልቅ ሰው እንዴት ያለቅስ እንደነበር እስከ ቤት አወራችኝ።

ማታ ደብተሯን ስጪኝ አለች። በራሷ እጅ የጻፈችው ይኸው፦ «ባቡር ሦስት ጊዜ። ወፍ አንድ ጊዜ። አይጡ ጨዋ ነው። ልጄ ብዙ ትሄዳለች፣ ትሂድ።»

@ጋሽ_ሾፌር ዋጋውን ጠይቃኛለች። ያውም ሁለት ጊዜ። «ፓስ ላለው ሰው እናቱ በነፃ ነው» አልኳት። በጾም ዋሸሁ፣ ለንስሐ አባቴ ልናገር ነው።

ጋሽ_ሾፌር፦

እኔም አማቴን ያስገባኋቸው እንዲያው ብዬ ነው።

ቤቲ_ፌርፋክስ፦

ስልጆውስ?

የድሬዋ_ልጅ፦

ቦርሳው ውስጥ ፈሰሰ። ነግረሽኝ ነበር፣ ለብቻው ያዢው ብለሽ።