ልጆቼን የቤተክርስቲያን ታሪክ ቤት ውስጥ ከየት ልጀምርላቸው?

የሀዋሳዋ እናት፦ ሰላም ናችሁ፣ የ7 እና የ10 አመት ልጆች አሉኝ፣ እሁድ ገብርኤል ደርሰን ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጥያቄ ያዥጎደጉዱብኛል፣ እኔ ደግሞ ታሪኩን በቅጡ አላውቀውም፣ ምን ይሻለኛል?

የአቶቴው፦ ከፍሬምናጦስ ጀምሪ እህቴ። የጢሮስ ልጅ ነው፣ መርከባቸው ተጠቅቶ እሱና ወንድሙ ብቻ ተርፈው አክሱም ቤተመንግስት ያድጋሉ፣ ኋላ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ ላኩልን ቢል የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ አንተው ሁን ብሎ ሾሞ መለሰው፣ አባ ሰላማ የምንላቸው እሳቸው ናቸው። የኔዎቹ እራት ረስተው ነው የሰሙት (ሽሮው በረደ እንጂ)።

ማርታ፦ ክርስትናን የተቀበለውን የአክሱሙን ንጉሥ የኢዛናን ሳንቲም ፎቶ ጎግል አርጊና አሳዪያቸው፣ መጀመሪያ ጨረቃ ነበረበት በኋላ መስቀል ሆነ። ልዩነቱን ራሳቸው ይፈልጉት። አመተ ምህረት ግን አታሸክሚያቸው!

የሀዋሳዋ እናት፦ ትልቋ 318ቱ እነማን ናቸው ብላኝ ነበርኮ

የአቶቴው፦ በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ናቸው፣ ክርስቶስ ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ጉዳይ። ከዛ ጉባኤ የተነሳውን ጸሎተ ሃይማኖት በቃል የምትል ከሆነ እዛው አስጀምሪያት።