«ሄሎዊን» እና «የሰባቱ ቁልፎች ጠባቂ»፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ፊደል ቆጣሪ፦ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሃምቡርግ ላይ የተመሠረተው የፓወር ሜታል (ፈጣንና ዜማ የበዛበት የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ዓይነት) ባንድ የ«ሄሎዊን» ስም ከበዓሉ ከሃሎዊን የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። ልተርጉመው ወይስ እንዳለ ልተወው? «ፓወር ሜታል»ንስ?

ሰም ለበስ፦ እንዳለ ተወው። ስሙ ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ የኦክቶበር መጨረሻው በዓል፣ ወርቁ ሲኦል። እነሱ አንድ አናባቢ ለወጡ፣ እኛ ዘንድ ራብዑ ሃ ኃምስ ሄ ይሆናል። ለውጡ ለዓይን ይታያል፤ በእንግሊዝኛ ሲኦል ማለት የሆነው «ሄል» ግን በአማርኛ ባዶ ድምፅ ነው። «ሲኦሎዊን» ብትል ደግሞ ሰሙ ይጠፋና ወርቁ ብቻ አፍጦ ይቀራል። አንዴ በቅንፍ አስረዳና እለፍ። «ፓወር ሜታል»ንም አትንካው። «ኃይል» ስትል አንባቢው መብራት ኃይልን ያስባል፣ «ከባድ ብረት» ካልክ ደግሞ እርሳስና ሜርኩሪ ውስጥ ገባህ።

የግዕዝ ተማሪ፦ «የሰባቱ ቁልፎች ጠባቂ» ለሚባሉት ለ1987ቱና ለ1988ቱ የባንዱ አልበሞች (ክፍል አንድና ሁለት) «ዐቃቤ መራኁት» አይሻልም? መራኁት ቁልፎች ማለት ነው።

ሰም ለበስ፦ ያምራል፤ ግን ነጠላው «መርኆ» ነው። ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ «መርኆ»ን ለሥነ ምግባር ደንብ ስለሚጽፈው አንባቢህ ሌላ ነገር ይረዳል። «ቁልፍ ያዥ»ም አይሆንም፣ የመጋዘን ሠራተኛ ያስመስላል። በሁለተኛው ክፍል ያለው ከ13 ደቂቃ በላይ የሚሄደው ዘፈን እንደሚለው ቁልፎቹ ሰባቱን ባሕሮች የሚቆልፉ ናቸው፤ ሰውየው የሚዘጋ እንጂ የሚከፍት አይደለም። ስለዚህ «ጠባቂ» በቂ ነው። የ1985ቱን አልበም ግን «የኢያሪኮ ግንብ» እንዳትሉት፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ቅጥር» ነው የሚለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ የቀድሞዎቹ ዘፋኞች ካይ ሃንሰንና ማይክል ኪስከ ወደ ባንዱ ተመልሰው እነሱን ከተካው ዘፋኝ ከአንዲ ዴሪስ ጋር በ2017 የጀመሩት «ፓምፕኪንስ ዩናይትድ» የተባለው የኮንሰርት ጉዞስ? «የተባበሩት ዱባዎች» ቢባል ያስቃል።

የግዕዝ ተማሪ፦ ይሳቅ እንጂ! በአርማቸው ላይ ኦ ፊደሏ ራሷ ዱባ ናት። ኪስከ ወደ ላይ የሚወጣ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ዴሪስ ሻከር ያለ፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የሚባለው ለነሱ ነው።

ከበሮ መቺ፦ አንድ ስህተት ላርም። የባንዱን የመጀመሪያ ከበሮ መቺ የኢንጎ ሽቪችተንበርግን በሁለት እግር የመምታት ስልት «ድርብ ከበሮ» የሚሉ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በአንድ ጎኑ ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ባለ ሁለት ፊት ስለሆነ «ድርብ» ያምታታል። «ጥንድ የእግር ከበሮ» በሉት። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ዘፈን ላይ በእያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ ሲመታ በሰከንድ 12 ይሆናል፤ ለአንድ እግር 6። ግራ እግር ትንሽ ከዘገየ ወጥ መሆን የነበረበት ድምፅ እንደ ፈረስ ግልቢያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰማል። ያኔ ቃሉ «ግልቢያ» ነው፤ ሆን ተብሎ ሲመታም መጠሪያው ይኸው ስለሆነ ስትተረጉሙ የትኛው እንደሆነ ለዩ።